የጾም ቀማሽ

«ሸጋ ነው አላልኸኝም? አላልኸኝም ወይ አንተ! ማክሰኞ ለት በዚሁ ጣሳ ቀድቼ ሰጥቼህ፣ ጭልጥ አርገህ፣ ከንፈርህን ጠራርገህ ‹ማር ነው አክስቴ› አላልኸኝም?»

«ብያለሁ። ያኔ ማር ነበራ።»

«ያኔም ኮምጣጣ ነበር! ምላስህ ነው የሞተው! ያንን በርሜልህን ስትልስ እየዋልህ ምላስህ ሞቶ ጠላዬን ገደልህብኝ!»

አክስቴ እቴነሽ የጋኑን አፍ ከፍታዋለች። ጣሳውን አፍንጫዬ ስር ደቅና «አሽት! አሽት እንጂ!» ትላለች። አሸተትኩ። «ደህና ነው'ኮ» ስላት ጣሳውን አናቴ ላይ ልታወርደው ቃጣች፤ ጎንበስ ባልል ኖሮ ዛሬ በጣሳ የተመታ ሰው ሆኜ ነበር የምታገኙኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ቀማሹ እኔ ነኝ። አክስቴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንኳን ጠላ ውሃ በከንፈሯ አይዞርም፣ ባሏ አያ ዳኛውም እንደሷው ናቸው። ጠላ ደግሞ ሳይቀመስ አይሸጥም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ያልጾመውን ከሃዲ፣ ማለት እኔን፣ ከፍራሼ ቀስቅሳ «ና እስቲ ቅመስልኝ» ትለኛለች። ማታ ማታ ስለማልጾም ትረግመኛለች፣ ጠዋት ጠዋት በማልጾመው አፌ ትገለገላለች። ኃጢአቴ ሥራ ሆኖልኝ ስኖር ስኖር ዘንድሮ ምላሴ ጉድ ሠራኝ።

ምላሴን የገደለው ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ። ከጋኑ አጠገብ፣ እዚያችው ጓዳ ውስጥ፣ ሦስት ሰማያዊ በርሜል አለኝ። ጎንደር ፒያሳ ካሉት ጁስ ቤቶች የአናናስ ልጣጭ በማዳበሪያ እያመጣሁ፣ ውሃና ትንሽ ስኳር እጨምርበትና በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ እተወዋለሁ። መጀመሪያ እንደ ጠላ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ቆይቶ ይኮመጥጣል፤ ስታጠልሉት አቼቶ ነው። ሰው የጣለው ልጣጭ ገንዘብ ሆኖ ይወጣል። ታዲያ ደርሷል አልደረሰም ለማለት በቀን አምስቴም ስድስቴም እቀምሳለሁ፤ በአራት ወር ውስጥ አፌ ጎምዛዛና ጣፋጭ መለየት ተወ። አክስቴ ዕድሜዋን በሙሉ ከኮምጣጣ ነገር ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት፤ ጋን ታጥናለች፣ እንስራ ትፈገፍጋለች፣ ጠላዋ እንዳይበላሽ ሌሊት ተነስታ ክዳኑን ትዳብሳለች። እኔ ደግሞ ምነው ቶሎ በኮመጠጠልኝ እያልሁ እዚያው አጠገቧ እተኛለሁ። በርሜሎቼ ከገቡ ወዲህ ሁለታችን በአንዲት ጓዳ አራት ወር መቆየታችንም ይገርማል። ያቺን ጣሳ ደግሞ፣ ማንም እንዳይሰማኝ እንጂ፣ እኔም በርሜሌ ውስጥ እነክራት ነበር።

«ዛሬ ሚካኤል ነው» አለች አክስቴ፣ አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ድምጿ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማህበርተኛው እዚህ ቤት ይገባል። ሃያ ዓመት ሙሉ ተራዬ ሲደርስ አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም። ዳቦው ተደፍቷል፣ ንፍሮው ተጥዷል። ጠላ ግን የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ደህና ጠላ ካላየሁ በርሜሎችህ መንገድ ላይ ናቸው። እግዜርን! አንድ ባንድ አንከባልላቸዋለሁ።»

አያ ዳኛው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲናደዱም ሲያዝኑም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረው ሌላ መልስ አልተማሩም።

«ጋኑን ምን ላርገው?» አልኳት።

«ድፋው!»

ልደፋው ነበር። እውነቴን ነው። ግን አንድ ጋን ጠላ ሲደፋ ማየት ሆዴን አላስቻለውም፤ ገብሱ ስንት ነው የተገዛው? ጌሾው? እንጨቱስ? እሷ ዞር ስትል ከጋኑ በአንድ ሃይላንድ ቀዳሁ፤ የአናናሱን አቼቶ በጀሪካን ያዝሁና ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ብር ለአንድ ቂጣ እንጂ ለማህበር ጠላ የሚበቃ አይደለም፤ ጠላውን ለመግዛት መጀመሪያ አቼቶው መሸጥ አለበት።

ፒያሳ ስደርስ የነጃት ጁስ ቤት ግማሽ በሩን ዘግቷል። ዘንድሮ የእነሱም የኛም ጾም ገጥሞ ቀን ቀን ቤቱ ወና ነው፣ ማታ አፍጥር ሲደርስ ግን መቆሚያ የለውም። ነጃት ወለሉን እያጠበች ነው። የትናንት ማታው ልጣጭ በሩ ላይ በሁለት ማዳበሪያ ተሞልቶ ቆሟል፣ ዝንብ ሰርግ ደግሶበታል።

«ዛሬ ልጣጭ የለም» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?»

«እሱ ዕቃ ነው። ትናንት አንድ ሰውዬ መጥቶ ለከብት እወስደዋለሁ፣ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዋጋ የተጠየቀ ነገር በነጻ ይሰጣል እንዴ?»

«ነጃትዬ፣ አምና እኮ ለሚጥልልሽ ልጅ ትከፍይ ነበር።»

«አምና ቆሻሻ ነበራ! አንተ ነህ ያስወደድኸው። በየቀኑ እየመጣህ እንደ ወርቅ ስትለቅመው ሰው አላየም መሰለህ?»

ምን ይባላል? እውነቷን ነው። ቆሻሻ ቆሻሻ የሚሆነው የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ነው፤ እኔ መጣሁና አበላሸሁት። ግን ሰውዬው የሚከፍላት ስንት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች፤ ከሳቋ ሰውዬው ጨርሶ እንደሌለ ገባኝ። «እሺ፣ በሳምንት አንድ ሃይላንድ አቼቶ ለአፍጥር ሰላጣሽ» አልኳት። «ሁለት» አለች። «ሁለት፣ ግን ማንጎ ሲገባ የማንጎውም ልጣጭ የኔ ነው» አልኳት። ወለሉን መጥረግ ትታ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ጨበጥኳት፤ እጇ ሳሙና ነበር፣ አዳለጠን። «አሁን ውል አዳለጠ ብለህ እንዳትክድ» አለችኝ። ማዳበሪያዎቹን ማታ መጥቼ እወስዳለሁ ብዬ አቼቶዬን ወደሚገዛኝ ሆቴል ወረድሁ።

የሆቴሉን ወጥ ቤት የሚመራው ይበልጣል ይባላል፤ ሼፍ ካላሉት ዞሮ አያይም። ወጥ ቤቱ ለምሳ በያይነቱ ቀይ ስር ሲቀቅል፣ ጎመን ሲከትፍ ጭስና እንፋሎት ሆኗል። ሁዳዴ ለእኔ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሎሚ ሰማይ ሲነካ ሰላጣው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። ሱቅ ያለው አቼቶ ደግሞ ምኑ እንደሆነ አይታወቅም፣ ጉሮሮ ይፍቃል፤ የኔን ግን ሼፍ ይበልጣል ሊትሩን በሰማንያ ይወስዳል፣ እየተነጫነጨ። ጠላ ሊትሩ አርባ መሆኑን አስቡልኝ።

ጀሪካኑን ከፍቶ በማንኪያ ጠቀሰ፣ አጣጣመ፣ ሲንኩ ውስጥ ተፋው። «ጿሚ ነኝ» ይላል ሁልጊዜ ሲተፋ፣ «የወጥ ቤት ሰው ቀምሶ መትፋት ተፈቅዶለታል።» ማን እንደፈቀደለት ጠይቄው አላውቅም። «ደህና ነው» አለ ስለ አናናሱ። ሁልጊዜም የሚለው ደህና ነው ነው። አራት ወር ልጣጭ ተሸክሜ፣ ምላሴን ሰውቼ፣ ደህና ነው!

ያኔ ነው ተንኮሌ የመጣው። «ይሄንንስ?» ብዬ የአክስቴን ጠላ ያለበትን ሃይላንድ ሰጠሁት። ፊቱን ሲያጨማድድ አይቼ ልስቅ ነበር፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ይበልጣል ጠቀሰ፣ አጣጣመ። አልተፋም። ጾሙን ረስቶ ዋጠው! እንደገና ጠቀሰ። ከድስቱ አንድ ቁራጭ ቀይ ስር በሹካ አውጥቶ ነከረውና በላው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከው። አብረውት የሚሠሩ ሁለት ልጃገረዶች ሽንኩርት መክተፋቸውን ትተው አለቃቸው በጠራራ ፀሐይ ጾም ሲገድፍ ያያሉ።

«ይሄን ማነው የጠመቀው?»

«ምን ሆነ?»

«ገና ነው፣ አቼቶ ሆኖ አልደረሰም። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ግን እየው፣ የተቆላ ገብስ አለበት፣ የጌሾው ምረት ከኋላ ይመጣል… የአንተ አናናስ እኮ ልጅ ነው፣ ይሄ ሽማግሌ ነው! ማነው የጠመቀው?»

«አክስቴ ናት። እሷ… አውቃ ነው እንዲህ ያረገችው» አልሁ፤ ውሸት ሲመጣልኝ አልከለክለውም።

«ስንት አላት?»

«አንድ ጋን።»

«ሁሉንም። ባንተው ዋጋ። ለሌላ ሆቴል እንዳትሰጥ ቀብድ እሰጥሃለሁ፣ ሲደርስ ደግሞ የቀረውን።»

የአናናሱን ሂሳብና ቀብዱን ተቀብዬ ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም፤ ግን ውስጤ ትንሽ ነደደኝ፣ አልዋሻችሁም። እኔ ስንት ወር የለፋሁበት ደህና ነው፣ አክስቴ በስህተት ያበላሸችው ሽማግሌ ነው! ሊደፋ የነበረ ነገር ከደህናው ጠላ በእጥፍ ሲሸጥ አስቡት። ፒያሳ መሀል ለብቻዬ ሳቅሁ፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ምን አጭሰህ ነው?» አለኝ። «ጠላ» አልኩት።

አሁን የቀረው ጠላ ማግኘት ነው። ለማህበር የሚሆን፣ የተጣራ፣ የዛሬ ጠላ በአንዴ ያን ያህል የሚገኘው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ጥግ፣ ዝናሽ ጋ። ችግሩ ዝናሽ የአክስቴ የአጎት ልጅ መሆኗ ነው። አብረው ነው ያደጉት፣ ደምቢያ፣ ኮላ ድባ፤ ጠላ መጥመቅም ከአንዲት እናት ነው የተማሩት። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ የዘመድ ሰርግ ሁለቱም አንዳንድ ጋን ጠምቀው አመጡ። የዝናሽ ጋን እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ፣ የአክስቴ ግማሹ ተረፈ። ይኸው ነው። አልተሰዳደቡም፣ አልተካሰሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ይቀመጣሉ፤ መሀላቸው ያለችው ሴትዮ በሁለቱም ፈንታ ታወራለች።

ዝናሽ በሯ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅማለች። ቤቷ ወንበር የሞላ፣ ሰው የሌለበት ነው፤ ጠጪዎቿም ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃሉ። «አርባ ሊትር እፈልጋለሁ» አልኋት። «ለባጃጅ ልጆች ነው፣ ምርቃት አለብን።»

«ምን ተመረቃችሁ?»

«መንጃ ፈቃድ።»

ጌሾዋን መልቀም አላቆመችም። «አንዱዓለም» አለችኝ፣ «ዛሬ ሚካኤል ነው። ጽዋው የማን ቤት እንደሆነ እኔ አጣሁት? እቴነሽ ምን ሆነች? ታመመች?»

ውሸቴ አለቀብኝ። ነገርኋት፤ ጋኑን፣ ምላሴን፣ ጣሳውን፣ ሁሉን። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። አልሳቀችም። የያዘችውን ጌሾ ወደ ሰፌዱ መለሰች። ከሩቅ የበግ ነጋዴዎች ሲጨቃጨቁ ይሰማል። «እሷ እኮ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌሊት ተነስታ ነው ክዳን የምትነካው» አለች። ተነስታ ገባችና በሁለት ጀሪካን እየቀዳች ሞላችልኝ። ከዚያ ሌላ ማሰሮ አምጥታ ከላይ ጨመረችበት፣ ምራቂ።

«ዋጋውን ግን አልቀንስም» አለችኝ ብሩን እየተቀበለች። «ዘመድ ነሽ ብላ አልላከችህማ።»

«እስቲ ደህና መሆኑን አይተሽልኛል?»

«እኔማ ጾመኛ ነኝ፣ እንዴት እቀምሳለሁ? አንተ ቅመስ።»

ቀመስሁ። ውሃ ይሁን፣ ኮምጣጤ ይሁን፣ ማር ይሁን፣ ምንም። እንግዲህ እግዜር ያውቃል ብዬ በባጃጅ ጫንሁት። መንገዱን በሙሉ ጀሪካኖቹን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሹፌሩን ስሳደብ፣ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ይሄም ኮምጣጣ ቢሆንስ? በርሜሎቼ ቁልቁለቱን ሲንከባለሉ፣ የሰፈር ልጆች ሲከተሏቸው ታየኝ። የት እወስዳቸዋለሁ? የኮምጣጤ በርሜል ላለው ሰው ቤት የሚያከራይ ጎንደር ውስጥ ፈልጌ አይቻለሁ፤ የለም።

ቤት ስደርስ ለዘጠኝ ጥቂት ነው የቀረው። ሳሎኑ ተጎዝጉዟል፣ ሶፋው ላይ አዲሱ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ድፎው መሶብ ላይ ተቀምጦ ቤቱን መዓዛው ሞልቶታል አሉ፤ ለእኔ ያው እንደነገርኋችሁ ነው። አክስቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ፊቷ ግን የሌላ ቀን ነው። ጀሪካኑን ከፈተች። አፏ ይጾማል፣ አፍንጫዋ ግን አይጾምም፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና ስትል አየችኝ።

«ከየት ነው?»

«ከ… ቅዳሜ ገበያ።»

ሁለተኛውንም ከፍታ አሸተተች፤ ይሄኛውን ቆይታ፣ ዓይኗን ከድና። ማን እንደጠመቀው አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። እኔ ዝምታ ስለማልወድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየገለበጥሁ መለፍለፍ ጀመርሁ፤ ጋኑን እንዳልደፋሁት፣ ሼፉ ጾም እንደገደፈበት፣ በእጥፍ ዋጋ ሙሉውን እንደያዘው፣ ይሄም ጠላ በዚያው ቀብድ እንደተገዛ። «ሽማግሌ ነው አለው አክስቴ! የእኔን ልጅ ነው አለው!» አክስቴ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። የሰማችኝም አትመስል። አያ ዳኛው ብቻ ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት፤ እንዲያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ማህበርተኞቹ ገቡ። መምሬ ገብረ ኪዳን ከፊት፣ እማማ የትነበርሽ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ፣ ሌሎቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ሁሉም በእጁ ይዞ የመምሬን አፍ ያያል። እኔ በጓዳው በር ስንጥቅ የማየው የመምሬን ጉሮሮ ብቻ ነው። አክስቴ ቀዳችላቸው፤ የማንቆርቆሪያው አፍ ብርጭቆውን ቀጭ ቀጭ አደረገው። መምሬ አማተቡ፣ ባረኩ፣ አነሱ። ጉሮሯቸው አንዴ ወረደ። ቆመ። ከዚያ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ብርጭቆው ባዶውን ተመለሰ፤ መምሬ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው ብርጭቆውን ዝም ብለው መልሰው ዘረጉ።

ቤቱ ተነቃነቀ። ሁሉም ቅጂልኝ ቅጂልኝ ሆነ። በርሜሌን ዞሬ ሳምሁት፤ አልቀለድኩም፣ ፕላስቲኩን ነው የሳምሁት። ጨዋታው ደመቀ፣ ሰው ስለ ስንዴ ዋጋ መነጫነጩን ትቶ ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ፣ መምሬ እንኳ ያልተጠየቁትን ተረብ ተረቡ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ እማማ የትነበርሽ ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አድርገው ሰዉን ዝም አሰኙ። እኒህ ሴትዮ የመጀመሪያዪቱ ማህበርተኛ ናቸው፤ እሳቸው ያሉት ነገር ነገ ሰፈሩን ያዳርሳል።

«እቴነሽ» አሉ፣ «እንዲያው እዚህ ቤት ስንቴ ጠጣሁ፤ ሰው ፊት ላመስግንሽ። እንዲህ ያለ ጠላ ከእጅሽ ወጥቶ አያውቅም! ያለፈውን ጊዜ ሁሉ ታዲያ ምነው ስታሟሽልን ኖርሽ? ዛሬ ነው ጠማቂ የሆንሽው!»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ፣ ጭብጨባም ነበር። እኔ በበሩ ስንጥቅ ለአክስቴ በዓይኔ ምልክት እሰጣለሁ፤ ተቀበይው፣ እሺ በይ፣ ጎንበስ በይና አመስግኚ፣ በቃ ዳንን! አክስቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መሀል ቆማለች። የእማማ የትነበርሽን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላች፣ ጠብታ አላፈሰሰችም።

«የዝናሽ ነው» አለች። «የእኔን ሆቴል ቤት በእጥፍ ወስዶታል፤ እናንተ አትችሉትም።»